መጀመሪያ ቦዲው ወይስ ውስጡ? የድሮ ቮልስ ለሚያድስ ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ይህ ነው፦ «የ1965 ሞዴል ቮልስዋገን ቢትል አለኝ። ሞተሩ ተሠርቶ አልቋል። ወለሉና በበሮቹ ሥር ያለው ላሜራ ግን በስብሷል። የኋላ ፓራፋንጎዎቹን ትንሽ አስፍቼ ሰፋ ያለ ጎማ ማስገባት እፈልጋለሁ። ውስጡንም እንደ ፋብሪካው ሳይሆን በራሴ ሐሳብ ማሠራት ነው ያማረኝ። አዲስ የበር ፓነል፣ በሁለቱ ወንበሮች መሃል ኮንሶል፣ ስፒከር፣ አዲስ የወንበር ልብስ። ቦዲ ሠሪው መጀመሪያ ቀለሙን እንጨርስ፣ ውስጡ በኋላ ይደርሳል ይለኛል። ወንበር ሠሪው ደግሞ አሁኑኑ አምጣው ይለኛል። ማንን ልስማ? ስቱኮስ ምን ያህል ቢገባ ነው ደህና የሚባለው?»

ወንድሜ፣ ሁለቱም ግማሽ እውነት ነግረውሃል። ቀለሙ ከወንበር ልብሱ ይቀድማል፤ እዚህ ላይ ቦዲ ሠሪው ልክ ነው። የውስጡ ሐሳብ ግን ከቀለሙ በፊት ማለቅ አለበት። ማለቅ ስል ተሰፍቶ ማለቴ አይደለም። እያንዳንዱ ነገር የት እንደሚታሰርና ሽቦው በየት እንደሚያልፍ ተወስኖ፣ ቀዳዳው ተበስቶ፣ መያዣው ተበይዶ ማለቅ አለበት።

ለምን መሰለህ? ኮንሶሉ ወለሉ ላይ በምን ይያዛል? ስፒከሩ የበሩን ውስጠኛ ላሜራ የት ጋ ይቆርጠዋል? የመቀመጫ ቀበቶ ካስገባህ ብሎኑ ምኑን ይጨብጣል? የእነዚህ ሁሉ መልስ መሰርሰሪያና ብየዳ ነው። አዲስ ቀለም ባለው መኪና ላይ መበየድ ደግሞ ከፊት ያለውን ቀለም ብቻ አያቃጥልም። ከላሜራው ጀርባ፣ እጅ በማይገባበት በኩል ያለውን መከላከያም ይዞት ይሄዳል። ዝገቱ የሚነሣው ከዚያ ነው። አንተ የምታውቀው ቀለሙ ማበጥ ሲጀምር ነው።

ስለዚህ አካሄዱ እንዲህ ይሁን። የበሰበሰው ይቆረጥ፣ ይበየድ። ከዚያ መኪናው ገና ባዶ ላሜራ ሆኖ ሁሉም ነገር ይገጠም። በሩ፣ ኮፈኑ፣ ፓራፋንጎው፣ ጎማው፣ ወንበሩ፣ ኮንሶሉ፣ የበር ፓነሉ፣ መስታወቱ ሳይቀር። ቀጥሎ ይፈታና ይቀባ። መጨረሻ ላይ እንደገና ይገጠም። ሁለት ጊዜ መግጠም ድካም ነው፣ አልክድህም። ብዙ ቦዲ ሠሪ የሚሸሸውም ለዚህ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ካልተስማማችሁበት በመሃል ልታስገድደው አትችልም።

አሁን ወደ ብስባሹ እንግባ። ከቮልስ በሮች ሥር ያለው ባዶ ሳጥን መሰል ቦይ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛ፣ ከሞተሩ በኩል የሚመጣውን ሙቅ አየር ወደ ፊት ያደርሳል። ሁለተኛውና ዋናው፣ ቦዲውን ቀጥ አድርጎ መያዙ ነው። እሱ ሲበሰብስ ቦዲው መሃሉ ላይ ይረግባል። የበሩ ክፍተት ከላይ በኩል እየጠበበ ይመጣል። በርህን ስትዘጋ ከፍ አድርገህ መግፋት ከጀመርክ ምክንያቱ ማጠፊያው ላይሆን ይችላል።

ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። በሩ ይፈታል፣ የበሰበሰው ቦይ በግራይንደር ተቆርጦ ይወጣል። ያኔ ቦዲው የሚይዘው አጣ ማለት ነው። አዲሱ ቦይ ምንም ያህል በጥሩ ብየዳ ቢገባ፣ የተዛባውን ቦዲ እንደተዛባ ነው የሚያስረው። ከዚያ ወዲያ በሩ በማጠፊያ ማስተካከል አይመለስም።

ከመቁረጥህ በፊት በሩን ዝጋና ክፍተቱን ዙሪያውን ለካ። ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሆኖ እኩል የሚዞር ክፍተት ጥሩ ነው። ቦዲው አስቀድሞ ከረገበ በክሪክ ቀስ እያልክ አንሣው። ክፍተቱ ሲስተካከል ያን ጊዜ በበሩ ቀዳዳ ውስጥ ቱቦላሬ ብረት በአግድምና በሰያፍ በይድ። ከግራ በር ወደ ቀኝ በርም አንድ አሻግር። አንዱን ጎን ጨርሰህ ነው ሌላውን የምትቆርጠው። ሁለቱን ጎን ቆርጠህ እንዳታሳድር።

ቮልስ አንድ ትልቅ ውለታ ይውልልሃል። ቦዲውና ወለሉ በብሎን ነው የተያያዙት። ቦዲውን አንሥተህ ወለሉን ለብቻው መሥራት ትችላለህ። ወለሉም ግራና ቀኝ ሁለት ቁራጭ ሆኖ ከመሃለኛው ዋሻ (በወንበሮቹ መሃል ከፊት ወደ ኋላ ከሚሄደው ባዶ ቦይ) ጋር የተበየደ ስለሆነ፣ የበሰበሰውን ጎን ብቻ መቀየር ይቻላል። ታዲያ አዲሱ የጎን ቦይ በሚበየድበት ጊዜ ቦዲው ተመልሶ ወለሉ ላይ በብሎን ታስሮ ይሁን። ቦዲው ተንጠልጥሎ ከተበየደ የቦዩና የወለሉ የብሎን ቀዳዳዎች አይገናኙም።

ብየዳ ከመጀመሩ በፊት የቤንዚን ታንኩ ከመኪናው ይውጣ። ቮልስ ላይ ከፊት ኮፈኑ ሥር ነው። ባዶ ነው ብለህ አትተወው፤ የሚፈነዳው ትነቱ ነው። ባትሪውም ይውጣ።

የዚያ ዘመን ላሜራ ውፍረቱ 1 ሚሊ ቢሆን ነው፤ ብዙ ቦታ ከዚያም ይሳሳል። በሚግ (ሽቦው ራሱ እየወጣ በሚበይድ ማሽን) የምትበይድ ከሆነ 0.6 ሚሊ ሽቦ ይበቃል። ላሜራ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ የተበየደው ቦታ ሲበርድ ግን ከነበረበት አልፎ ይሰበሰባል። ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ትንፋሽ ከበየድክ ላሜራው እንደ ድንች ቺፕስ ይጠማዘዝብሃል። ነካ አድርገህ ያዘው። 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝለል። ወደ ሌላኛው ጫፍ ሂድና እዚያ ነካ አድርግ። እጅህን ልታሳርፍበት እስክትችል ይብረድ። ከዚያ በየመሃሉ እየገባህ ሙላው።

ልምድ ያለው ቀጥቃጭ እዚህ ላይ አንድ ነገር ይጨምራል። በየዙሩ የብየዳውን ጉብታ በግራይንደር ይቀንስና ከጀርባ ለስላሳ ብረት ደግፎ ብየዳውን በመዶሻ ይመታዋል። የተሰበሰበው ላሜራ መልሶ ይለጠጣል። የሚግ ብየዳ ደረቅ ስለሆነ ጉብታውን ሳትቀንስ ብትመታው ብዙም አይታዘዝም። የቲግ (ሽቦው በእጅ የሚጨመርበት ብየዳ) ለስለስ ይላል፤ ጊዜ ግን ይበላል። አመታቱም ይለያያል። ደጋፊው ብረት በቀጥታ ከመዶሻው ሥር ከሆነ ላሜራው ይለጠጣል። ደጋፊውን ከጀርባ ጎድጓዳው ላይ አድርገህ አጠገቡ ያለውን ጉብታ ከመታህ ግን ጉብታው ይወርዳል፣ ጎድጓዳውም ይነሣል። መዳፍህ ሥር ቀጭን ጨርቅ አድርገህ ላሜራው ላይ ብትጎትተው ዓይን ያለፈውን ጉብታ እጅህ ያገኘዋል። ቦዲ ሠሪህ ይህን ሲያደርግ ካየኸው ደህና እጅ ላይ ነህ።

ሳንድብላስት (አሸዋ በአየር ግፊት እየረጩ ማጽዳት) እናድርገው ካሉህ ለወለሉና ለወፍራም ብረቶች እሺ በል። ለኮፈን፣ ለጣሪያና ለበር ሽፋን ግን እንቢ በል። አሸዋው ሰፊና ቀጭን ላሜራን ይለጥጠዋል፣ የተለጠጠውን መልሶ መሰብሰብ ደግሞ ሌላ ሙያ ነው። እዚያ ላይ ቀለም ማስለቀቂያ ኬሚካል ወይም ለስላሳ ዲስክ ይሻላል።

ስቱኮን በተመለከተ አጭሩ መልስ፣ ተፈግፍጎ ሲያልቅ 3 ሚሊ አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ቦታ የሚፈልገው መዶሻ ነው። ስቱኮ ነውር የለበትም። የሚነቀፈው ብየዳን ተክቶ ሲገባ ነው። ፖሊስተር ስቱኮ እርጥበት ይስባል። የበሳ ላሜራ በስቱኮ ከተደፈነ ውኃው ከጀርባ ይገባል፣ ስቱኮው ይጠጣዋል፣ ከሥሩ ዝገቱ ይሠራል። ባዶውን ላሜራ መጀመሪያ ኤፖክሲ ፕራይመር አስቀባው፣ ስቱኮው በእሱ ላይ ይሂድ። አሲድ ያለበት ፕራይመር ላይ ግን ፖሊስተር ስቱኮ አይኑር፤ አይስማሙም። በፊት የተሠራ ቦታን ለመፈተሽ በጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ማግኔት ያዝ። የማይዝበት ቦታ ካገኘህ ከሥሩ ምን እንዳለ ገባህ ማለት ነው።

ፓራፋንጎው እኔን የሚያጓጓኝ ክፍል ነው። ቮልስ ላይ ፓራፋንጎ በብሎን ስለሚፈታ ለአንተ ዓይነቱ ሐሳብ የተመቸ መኪና ነው። ዋናዎቹን አውልቀህ ጠቅልለህ አስቀምጥ። ሥራውን በሌላ ጥንድ ላይ ጀምር። ሐሳብህን ብትለውጥ መኪናው ወደ ነበረበት ይመለሳል።

መጀመሪያ ጎማው ነው የሚመረጠው። የምትፈልገውን ቸርኬና ጎማ ግጠምና ከዚያ ለካ። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የ1965ቱ ቮልስ የኋላ ጎማ ሲወጣና ሲወርድ ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ዘንበል ይላል። ሲወጣ አናቱ ወደ ውስጥ ይጋደላል፤ ሲወርድ ደግሞ እግሩ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል። መኪናው ቆሞ የለካኸው ክፍተት ሰው ሲጫን ሌላ ነው። ጎማውን በክሪክ ከታችኛው ጫፍ እስከ ላይኛው አንቀሳቅስና በየደረጃው ለካ። ፓራፋንጎው ምን ያህል መውጣት እንዳለበት የሚነግርህ ያ ልኬት ነው።

አቆራረጡን በተመለከተ፣ ከቦዲው ጋር የሚገናኘው ጠርዝ አይነካ። የብሎን ቀዳዳዎቹ ያሉት እዚያ ነው። ከጠርዙ ራቅ ብሎ ቅስቱን ተከትሎ ይቆረጣል። ውጪኛው ግማሽ በልኩ ወደ ውጪ ይወጣል፣ መሃሉ በአዲስ ላሜራ ይሞላል። የሚሞላው ላሜራ መጀመሪያ በወፍራም ወረቀት ይቀረጽ። ወረቀቱ ከተሸበሸበ ላሜራውም ያንኑ ነው የሚያደርገው፣ ያ ቦታ በሁለት ቁራጭ መሠራት አለበት ማለት ነው። በሥራው መሃል ራቅ ብለህ ከኋላ ቆመህ ግራና ቀኙን አስተያይ። ሜትር እኩል ነው ያለው ቅስት ለዓይን እኩል ላይሆን ይችላል።

ከበሩ ሥር በፊትና በኋላ ፓራፋንጎ መሃል ያለውን መርገጫ አትርሳ። ፓራፋንጎው ሲሰፋ መርገጫው ባለበት ይቀራል፣ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ደረጃ ይፈጠራል። ወይ መርገጫውን ወደ ኋላ እየሰፋ እንዲሄድ ታሠራዋለህ፣ ወይ የፓራፋንጎው ስፋት ከመርገጫው ጫፍ ከዜሮ ተነሥቶ ቀስ እያለ እንዲያድግ ታደርጋለህ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ፋብሪካው ራሱ የሠራው ይመስላል።

ፋይበርግላስ ይሻላል ወይ የሚልህ ሰው አይጠፋም። ሙሉ በሙሉ ፋይበርግላስ የሆነ ፓራፋንጎ በብሎን ቢታሰር ችግር የለውም። ችግሩ የፋይበርግላስ ቁራጭ ከላሜራ ጋር ተጣብቆ መገጣጠሚያው በስቱኮ ሲሸፈን ነው። ሁለቱ በሙቀት እኩል አይለጠጡም። ዛሬ የማይታየው መስመር ውሎ አድሮ ከቀለሙ ሥር ብቅ ይላል።

ወደ ውስጡ ስንመጣ፣ ባዶ ላሜራ ላይ የመግጠሙ ጥቅም ቁልጭ ብሎ የሚታየው እዚህ ነው። ወንበሩን ያለ ልብስ ግጠምና ተቀመጥበት። ኮንሶሉን በካርቶን ሥራው። ማርሹን ሁሉም ጋ አስገባ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳብ፣ ከግራና ከቀኙ ያሉትን የማሞቂያ እጀታዎች አንቀሳቅስ። ክርንህ ወይም ጣትህ ካርቶኑን ከነካ ቁረጠው። ካርቶን ርካሽ ነው። ሲስማማህ በኮምፔንሳቶ ይሠራና ቀጭን ስፖንጅ ለብሶ ቪኒል ይሸፈናል።

አደራ የምልህ ነገር አለ። ኮንሶሉን ለማሰር መሃለኛውን ዋሻ እንዳትበሳ። የፍሪሲዮንና የነዳጅ መስጫ ካቦዎቹ የሚያልፉት በዚያ ውስጥ ነው። የቤንዚን ቱቦውም እንዲሁ። አንዲት ረዘም ያለች ቪቴ ቱቦውን ከነካች ቤንዚኑ የሚፈሰው አንተ ከተቀመጥክበት አጠገብ ነው። ከዋሻው ግራና ቀኝ፣ ወለሉ ላይ፣ ዳዶ የተበየደባቸው ትንንሽ መያዣዎች ይሠሩ። ይህም ከቀለም በፊት ነው።

የመቀመጫ ቀበቶ ካስገባህ ብሎኑ ላሜራውን ብቻ አይያዝ። በግጭት ጊዜ ሳሳ ያለ ላሜራ እንደ ወረቀት ይቀደዳል። ከጀርባው 3 ሚሊ ውፍረት ያለው ሰፋ ያለ ሳህን ይበየድ፣ ማዕዘኖቹም ይክበቡ፣ ሹል ማዕዘን ላሜራውን ይቆርጠዋልና። ቀበቶውም ለመኪና ከተሠራው ብሎን ጋር ይግባ፤ በተራ ብሎን አይተካ።

ስፒከሩን በር ላይ ካሰብክ መስታወቱን እስከ መጨረሻው አውርደህ ከላሜራው እስከ መስታወቱ ያለውን ለካ። የስፒከሩ ማግኔት ከዚያ ካለፈ መስታወቱ አይወርድም። ያን ጊዜ ስፒከሩን ወደ ውስጥ የሚያወጣ ቅርጽ ይሠራል። የኮምፔንሳቶ ቀለበት ይቆማል፣ የሚለጠጥ ጨርቅ ይወጠርበታል፣ ሬዚን ይጠጣል፣ ሲደርቅ ከጀርባ በፋይበርግላስ ይጠነክራል። ቅርጹን ለማውጣት ነጩን የዕቃ ማሸጊያ ፎም እንዳትጠቀም፤ ፖሊስተር ሬዚን ያቀልጠዋል። ሌላ ደግሞ፣ የ1965 ቮልስ ከፋብሪካ ሲወጣ 6 ቮልት ነው። ዘመናዊ ሬዲዮ 12 ይፈልጋል። ቀድሞ ካልተቀየረ ዲናሞው፣ ሬጉሌተሩ፣ ኮይሉ፣ አምፖሎቹ፣ የፍሬቻ ሪሌውና የዝናብ መጥረጊያ ሞተሩ የሚታሰብባቸው አሁን ነው።

የብረት ዳሽቦርዱን ግን ለሬዲዮ ብለህ እንዳትቆርጠው እለምንሃለሁ። የዚህ መኪና ፊቱ እሱ ነው። ሬዲዮው ኮንሶሉ ውስጥ ይግባ።

ስለ ቀለሙ ብዙ አልልህም፣ ባለሙያ ይዘሃል። ብቻ ማጠንከሪያ የሚደባለቅበት ቀለም አይሶሳያኔት የሚባል ሳንባ የሚጎዳ ኬሚካል አለበት። የሚረጨው ሰው የአቧራ ጭምብል ሳይሆን ንጹሕ አየር በቱቦ የሚመጣለት ጭምብል ነው የሚያስፈልገው። ቀለሙ ከደረቀ በኋላ በጎን ቦዩና በበሩ ሆድ ውስጥ ሰም ይረጭ። የውኃ መውረጃ ቀዳዳዎቹም በስቱኮ ወይም በሰም እንዳይደፈኑ በሽቦ ወጋ ወጋ አድርጋቸው።

አሁን ወንበር ሠሪው ይምጣ። መጀመሪያ ሽቦ፣ ከዚያ የጣሪያው ልብስ፣ ከዚያ መስታወት። የጣሪያው ልብስ ጠርዝ ከመስታወቱ ጎሚኒ ሥር ነው የሚገባው። መስታወቱ ቀድሞ ከተገጠመ መልሶ መፍታት ነው። ልብሱን ከመወጠራቸው በፊት ሙቀት ያግኘው፤ የሞቀ ቪኒል ይታዘዛል፣ ሲበርድ ይወጠራል። ማስቲሹ ተራ እንዳይሆን። በፀሐይ የቆመ የተዘጋ መኪና ውስጥ ተራ ማስቲሽ ይለሰልስና ልብሱ አናትህ ላይ ይንጠለጠላል። ሙቀት የሚችለውን ለይተህ ጠይቅ።

በር ፓነሉ ላይ ሰው የሚረሳው ላስቲኩን ነው። ዝናብ በመስታወቱ ስንጥቅ በር ውስጥ መግባቱ አይቀርም፣ መኪናውም የተሠራው ያንን አስቦ ነው። ውኃው በበሩ ሆድ ወርዶ በታች ባሉት ቀዳዳዎች ይወጣል። በላሜራውና በፓነሉ መሃል ላስቲክ ካልተለጠፈ ግን ፓነሉ ይጠጣውና ይጣመማል። የላስቲኩ ታችኛው ጫፍ ወደ በሩ ውስጥ ይታጠፍ፤ ወደ ፓነሉ በኩል ከተንጠለጠለ ውኃውን የሚያመጣው ወደ ምንጣፍህ ነው። ከካርቶን ፓነል ይልቅ 3 ሚሊ ፕላስቲክ ብታሠራ ይህ ጣጣ ይቀንስልሃል።

ለወንበሩ ክሩ ፖሊስተር ይሁን፤ ጥጥ በፀሐይና በእርጥበት ይበሰብሳል። ስፖንጁ ከሥር ጠንከር ያለ፣ ከላይ ለስለስ ያለ ሁለት ድርብ ቢሆን ይመቻል። ሁሉም ለስላሳ ከሆነ ከታች ያለው ሞላ ይቆረቁርሃል።

የኋላ ወንበሩን ሲሠሩ ግን አጠገባቸው ቁም። የቮልስ ባትሪ ከእሱ ሥር ነው ያለው። ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ሞላ ወርዶ የባትሪውን ጫፎች ከነካ ያያይዛቸዋል። በእነዚህ መኪናዎች ላይ ለእሳት መነሻ የሆነ የታወቀ ነገር ነው። ባትሪው የማያስተላልፍ ክዳን ይኑረው፣ በቀበቶም ይታሰር። ከተለመደው ከፍ ያለ ባትሪ ገዝተህ ከሆነ ወንበሩ ከመሰፋቱ በፊት ለውጠው።

ቪኒሉን ስታዝ ለወንበሩ፣ ለበሩና ለኮንሶሉ የሚሆነውን በአንድ ጊዜ ከአንድ ጥቅል አስቆርጥ። ትንሽም ትርፍ ይኑረው። በሌላ ቀን ከሌላ ጥቅል የመጣ ቪኒል ቁጥሩ አንድ ሆኖ እንኳ ቀለሙ ይለያል፣ ልዩነቱም የሚታየው ከተሰፋ በኋላ ነው።